መቅዘፊያውን ያላወረደ ሰው

አያ ልየው ማረፋቸውን የሰማሁት ደብረ ማርቆስ ገበያ፣ ጌሾ ተራ ቆሜ ነው። የነገረኝ ከጣና ሐይቅ ዳር ቡና ጭኖ የሚመጣ ነጋዴ ነበር። የአህያውን ጭነት እየፈታ፣ ፊቱን ወደ እኔ ሳያዞር፣ «ያ ያንተ ሽማግሌ አረፉ እኮ» አለኝ። የትኛው ሽማግሌ ብዬ አልጠየቅሁም። እንዴት እንደሞቱ ነው የጠየቅሁት።

«ታንኳቸው ላይ ነው» አለ። «ውሃው ዳር የበቀለው ደንገል መሀል ተወሽቃ አገኘናት። መቅዘፊያውን በሁለት እጃቸው እንደያዙ ናቸው። ነፋስ ነው የወሰዳቸው እንጂ አልቀዘፉም።»

አጠገባችን ጌሾ ትመርጥ የነበረች ሴት ሰምታ፣ የሐይቅ ልጅ ሆነው እንዴት መቅዘፍ አቃታቸው ብላ ጠየቀች። ነጋዴው አላውቅም በሚል ትከሻውን ሰበቀ። እኔ ግን አውቃለሁ። አቅቷቸው አይደለም። ማርቆስ ከተማ ውስጥ ይህን የሚያውቅ ከእኔ ሌላ አንድ ሰው ብቻ ነው ያለው፤ ሚስታቸው እትዬ ጥሩወርቅ። እትዬ ጥሩወርቅ ደግሞ ስለዚህ ነገር አይናገሩም። ስለዚህ እኔ ልጻፈው።

አያ ልየው የተወለዱት ጣና ዳር፣ ከዘጌ ወዲያ ባለች ትንሽ መንደር ነው። አባታቸው ታንኳ ቀዛፊ ነበሩ። እሳቸው በጎልማሳነታቸው ቡናና ጌሾ በአህያ እየጫኑ ወደ ማርቆስ ይመላለሱ ነበር። አንድ ዓመት ክረምቱ ቀድሞ ገባና ወንዙ መንገድ ዘጋባቸው፤ እኛ ሰፈር ከረሙ፤ በመስከረም እትዬ ጥሩወርቅን አገቡ። ከዚያ ወዲህ ሃያ ዓመት ያህል ከቤታችን አጥር ማዶ ኖሩ።

በሃያ ዓመት ግን ደገኛ መሆን አልቻሉም። ጋቢ በጋቢ ላይ ደርበው፣ ፀሐይ አናት ላይ ሳለች፣ ይህ አገር የሚነጋው መቼ ነው እያሉ ይጠይቁ ነበር። ሰው የጮቄን ተራራ ሲያደንቅላቸው አንገታቸውን አቅንተው ያዩትና፣ «ትልቅ ነው፤ ግን አይንቀሳቀስም» ይላሉ። ሲቀመጡም እንደ ሌላው ሰው አይቀመጡም። ጉልበታቸውን አጥፈው፣ ጀርባቸውን አቅንተው፣ ከመደቡ መሀል ለመሀል ነው። ወደ አንድ ጎን ቢያጋድሉ ቤቱ የሚገለበጥ ይመስላቸዋል እያለ ሰፈሩ ይስቅባቸው ነበር።

ከሁሉ የሚያስቀው ግን ቤተ ክርስቲያን ሲሳለሙ ነው። በአገራቸው ልማድ፣ ታንኳ ታቦት ባለበት ዳርቻ ሲያልፍ ቀዛፊው መቅዘፊያውን ከውሃ ያወጣል፤ በሁለት እጁ አግድም ይዞ እስከ ግንባሩ ከፍ ያደርገዋል፤ ቤተ ክርስቲያኑ እስኪታለፍ ድረስ አይቀዝፍም። ታንኳዋ በገዛ ራሷ ትንሸራተታለች። ታቦት ፊት ያለ ውሃ በእንጨት አይመታም። አያ ልየው ይህን ልማድ ወደ ደረቅ አገር ይዘውት መጡ። በማርቆስ ቤተ ክርስቲያን በኩል ሲያልፉ ከዘራቸውን በሁለት እጃቸው አንስተው ግንባራቸው ላይ ያደርሳሉ፤ እግራቸው ግን መሄዱን አያቆምም፣ ታንኳ አይቆምምና። ስለዚህ ያለ ከዘራ፣ መሬቱን ሳያዩ፣ በድንጋይ እየተደናቀፉ ያልፋሉ። የሰፈሩ ጎረምሶች ይጠብቋቸዋል።

«አያ ልየው፣ ውሃው እኮ ጎድሏል። ወርደው በእግርዎ ይሂዱ።»

«የጎደለው ለእናንተ ነው» ይላሉ፣ ከዘራውን ሳያወርዱ።

እኔ በዚያን ጊዜ ግጥም እጽፋለሁ የምል ጎረምሳ ነበርሁ። ቅኔ ቤት አልገባሁም፤ ዳዊት እንኳ ሳልጨርስ ነው ከየኔታ ቤት የወጣሁት። ጣሊያን መንገድ ሲያሠራ ድንጋይ ፈላጭ ሆኜ ገባሁ፤ እዚያ ቋንቋቸውን ለቀምሁ፤ የሲሚንቶ ከረጢት እየቀደድሁ ጀርባው ላይ እጽፋለሁ። እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የጻፍሁትን ለአያ ልየው አነብላቸዋለሁ። ዓይናቸውን ጨፍነው ይሰሙኛል። ስጨርስ የሚሉት ሁልጊዜ አንድ ነው፤ «ቤቱ ይመታል። ግን ሰው የለበትም።» አንድ ቀን ተናድጄ፣ ስለ ተራራ የተጻፈ ግጥም ውስጥ ሰው ምን ሊያደርግ ይገባል አልኋቸው።

«ተራራውን ማን ያየዋል ታዲያ?» አሉኝ።

ጣሊያን ማርቆስን ከያዘ ሁለተኛ ዓመቱን ሊደፍን ሲል፣ ከተማው ውስጥ የነበረ የአንድ ካፒቴን ሚስት ከአገሯ መጣች። እኔ በቋንቋው ምክንያት ከድንጋይ ፈለጣ ወደ ካፒቴኑ ቢሮ አስተርጓሚ ሆኜ ተዛውሬ ነበር። በዚህ የምኮራበት ነገር የለም። ካፒቴኑ ክፉ ፊት አልነበረውም። ይህን የምጽፈው እሱን ለማመስገን አይደለም፤ ክፉ ፊት ቢኖረው ኖሮ የበለጠ እንጠነቀቅ ነበር።

ሴትዮዋ ሐይቁን ማየት ፈለገች። በሞተር ጀልባ ከባሕር ዳር ተነሥተው፣ ገደሉንና ጫካውን እያዩ፣ ዳርቻውን ይዘው ለመሄድ አሰቡ። ለዚህም ከውሃው በታች ያለውን ድንጋይ የሚያውቅና የየቦታውን ስም የሚነግር ሰው አስፈለገ። ገበያ ውስጥ የጠየቁት ሁሉ የአያ ልየውን ስም ጠራ። ተጠርተው መጡ። ዓይኔ ደክሟል አሉ፤ ዳርቻው ከተለየሁት ወዲህ ተለዋውጧል አሉ፤ ወገቤን ያመኛል አሉ። ካፒቴኑ ሳቀና ይህ ሥራ ሳይሆን ሽርሽር ነው በልልኝ አለኝ። ቀጥሎ ወደ ወታደሮቹ አለቃ ዞሮ፣ ጠዋት ካሚዮኑ ጋ ካልተገኘ ሄዳችሁ አምጡት አለ። የመጀመሪያውን ተረጎምሁላቸው። ሁለተኛውን ሳልተረጉምላቸው ገባቸው።

መንገዱ ሁለት ቀን ፈጀ። አያ ልየው ከካሚዮኑ ጭነት ላይ መሀል ለመሀል ተቀምጠዋል። ደምበጫን ስናልፍ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ። ነገሩ ይህ ነበር። ባለፈው ዓመት የጣሊያን ወታደር ከመንደራቸው አጠገብ ያለችውን መንደር ከነቤተ ክርስቲያኗ አቃጥሎ ነበር። የእሳቸው መንደር ሰዎች ይህን አይተው የሚካኤልን ታቦት ከመቅደሱ አወጡና ራቅ ያለ ገደል ላይ፣ ከውሃው ከፍ ብሎ ባለ ዋሻ ደበቁት። የሚጠብቁት የአያ ልየው ታላቅ ወንድም ናቸው። መነኩሴ ናቸው፤ አንድ እግራቸው አይታዘዝላቸውም። ቤታቸው የተቃጠለባቸው ጥቂት አባወራዎችም ከነልጆቻቸው እዚያው ዋሻ ተጠግተዋል። የኛ ጀልባ የሚያልፈው በዚያ ገደል ሥር ነው።

«እዚያ ስንደርስ፣ ውሃው ውስጥ ድንጋይ አለ፣ ራቁ እላለሁ» አሉኝ። «ያልሁትን እንዳልሁት ንገራቸው። ዝም ስል ደግሞ፣ አንተ ገጣሚ፣ ዝምታዬን አትሙላው።»

እሺ አልኋቸው።

ሐይቁን ያን ዕለት ለመጀመሪያ ጊዜ አየሁት። ከሚያሳፍሩኝ ነገሮች አንዱ መደሰቴ ነው። ጠዋት ነበር፤ ውሃው እንደ ተወለወለ ሰሐን ተኝቷል። ጥቁር ድንጋይ ከውሃው ውስጥ ቀጥ ብሎ ይነሣል፤ በድንጋዩ ስንጥቅ ውስጥ ሾላ በቅሎ ሥሩን እንደ ገመድ እስከ ውሃው ለቆታል፤ ነጫጭ ትልልቅ ወፎች የሞተሩን ድምፅ ሲሰሙ ተነሥተው ትንሽ ፈቀቅ ይሉና ደግመው ያርፋሉ። ካፒቴኑና ሚስቱ ከጀልባዋ የጨርቅ ጥላ ሥር ተቀምጠዋል። አንድ ወጣት መኮንን ካርታ ጉልበቱ ላይ ዘርግቷል። ሞተረኛው ከኋላ ነው፤ ለጣሊያን ያደሩ ሦስት ጥቁር ወታደሮች፣ አስካሪዎች፣ ጠመንጃቸውን ይዘው መሀል ላይ ናቸው። አያ ልየው ከፊት፣ ጫፉ ላይ ተቀመጡ። ከድንጋይ መግፊያ ትሆናለች ብለው አንዲት የእንጨት መቅዘፊያ ሰጧቸው።

መቅዘፊያዋን ሲይዙ ሌላ ሰው ሆኑ። ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቃቸው፣ በብርድ የሚጨማደዱት ሽማግሌ ጋቢያቸውን ጥለው ቀና አሉ። እጃቸውን ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ ትንሽ ሲያዘነብሉ ሞተረኛው ይታዘዛል። ማርቆስ ውስጥ ማንም እንደዚህ ታዟቸው አያውቅም። ያን ያህል ዓመት ሲስቁባቸው የኖሩት ሰዎች እዚህ ቢያዩአቸው ብዬ ተመኘሁ።

የመጀመሪያው ቤተ ክርስቲያን ከዛፎች መሀል ብቅ ሲል አያ ልየው መቅዘፊያዋን በሁለት እጃቸው አንስተው ግንባራቸው ላይ አደረሱ። እስክናልፈው ድረስ እንደዚያ ቆዩ። ሴትዮዋ ምን እያደረገ ነው ብላ ጠየቀች። አያ ልየው ዝም ብለዋል። እኔ ሞላሁት። ልማዱን አስረዳኋት፤ ያውም አሳምሬ። ታቦት ባለበት ሁሉ እንዲህ ያደርጋሉ፣ አንድም አይዘሉም፣ ጫካ ቢሸፍነው እንኳ ያውቁታል አልኋት። ወሬዬ ስላማረ ደግማ ጠየቀችኝና ደግሜ ነገርኋት።

ከዚያ በኋላ ጨዋታ ሆነ። ሴትዮዋ ዳርቻውን ሳይሆን አያ ልየውን ማየት ጀመረች። መቅዘፊያዋ ስትነሣ ታጨበጭባለች፤ ባሏ በመነጽሩ ዛፎቹን ይፈትሻል፤ የሣር ክዳን ወይም ጉልላት ሲያገኝ ይስቃሉ። ወጣቱ መኮንን በእርሳስ ካርታው ላይ ትንሽ መስቀል ያደርጋል። አንድ ቦታ ላይ እኔ እንኳ ከዛፍ በቀር ምንም ሳላይ አያ ልየው አነሱ፤ ካፒቴኑ ብዙ ፈልጎ በመጨረሻ ከዋርካው ኋላ ጉልላቱን አገኘው፤ ባርኔጣውን አንስቶ እጅ ነሣቸው።

አራተኛው መስቀል ካርታው ላይ ሲሠመር ነው የገባኝ።  ከውሃው በታች ድንጋይ የምፈልግ መስዬ ወደ ፊት ሄጄ አጠገባቸው ተቀመጥሁ።

«አያ ልየው፣ ባነሱ ቁጥር ካርታው ላይ ምልክት እያደረጉ ነው።»

«አይቻለሁ።»

«እንግዲያው ታቦት በሌለበትም ያንሱ። ይሳሳቱ። ጨዋታው ይበላሽባቸው።»

ወደ ውሃው አዩ። «ለባዶ ዱር አላነሳም» አሉ። ደግሞም፣ «እዚያ ስንደርስ ግን አላነሳም። ሚካኤል ይፍረድብኝ» አሉ።

ገደሉ ከሩቅ ታየ። ከሌላው ሁሉ የጠቆረና የተሰነጣጠቀ ነበር፤ ውሃው ከሥሩ እየገባ ይጮኻል። አያ ልየው እጃቸውን ወደ ቀኝ አዘንብለው ከውሃው በታች ድንጋይ አለ አሉ፤ እኔም ተረጎምሁ፤ ሞተረኛው ጀልባዋን ወደ መሀል መለሳት። እስካሁን ሁሉ እንዳሰብነው ነው። አያ ልየው መቅዘፊያዋን ጉልበታቸው ላይ አጋደሙና ሁለት እጃቸውን ከላይዋ ጫኑባት። አንድን ነገር እንዳይነሣ ሲጫን እንደሚደረገው ነው የጫኗት። የእጃቸው ደም ሥር ሲነሣ አየሁ። ወደ ገደሉ አላዩም። ሴትዮዋ በሌላ በኩል ጉማሬ ያየች መስሏት ባሏን ታሳያለች። ዋሻው የት እንደሆነ ሳላውቅ ገደሉን ግማሽ ያህል አለፍነው። ትንፋሼን ለቀቅሁ።

ያን ጊዜ ከአንድ ትልቅ ድንጋይ ኋላ ታንኳ ብቅ አለች። እንጨት የጫኑ ሁለት ሰዎች ነበሩባት። በእኛና በገደሉ መካከል እየቀዘፉ መጡ፤ የሞተሩን ድምፅ ሰምተው አንድ ጊዜ ዞር ብለው አዩን። እኛ ምን ጨዋታ እየተጫወትን እንደመጣን ምን ያውቃሉ። የአባቶቻቸውን ልማድ ነው የሚያውቁት። ከገደሉ ፊት ሲደርሱ ሁለቱም መቅዘፊያቸውን ከውሃ አወጡ፤ ወደ ድንጋዩ ዞረው ግንባራቸው ላይ አደረሱ። ታንኳዋ ዝም ብላ ተንሸራተተች።

ሴትዮዋ አጨበጨበች። እነዚያ አነሱ፣ የኛው ሰው ግን ረሳ አለች ለባሏ።

ካፒቴኑ ወደ እኔ ዞሮ እዚያ ማን ነው ያለው አለኝ። ለእርስዎ ሰላምታ እየሰጡ ነው ጌታዬ፣ ሲያከብሩዎ ነው አልሁት። የመጣልኝ ይኸው ነበር። ሴትዮዋ ሳቀች፤ ክፋት አልነበረበትም ሳቋ፤ ነገሩ ስላስገረማት ብቻ ነው የጠየቀችው። «ሰላምታ ከሆነ ለምን ጀርባቸውን ሰጡን?»

ካፒቴኑ መነጽሩን አነሣ። ረዥም ጊዜ አየ። ፈገግታው ከፊቱ አልጠፋም፤ እዚያው እንዳለ ደረቀ። ዝቅ ባለ ድምፅ ለወጣቱ መኮንን አንድ ነገር ነገረው። ወጣቱ እንደ ሌሎቹ መስቀል አደረገ፤ እንደ ሌሎቹ ሳይሆን ደግሞ ዙሪያውን አከበበው።

አያ ልየው ሴትዮዋ ምን አለች ብለው ጠየቁኝ። ነገርኋቸው። 

«እንግዲህ ታየ» አሉ። ከዚያ ተነሥተው ቆሙ። ወደ ገደሉ ዞሩ። መቅዘፊያዋን በሁለት እጃቸው አንስተው ግንባራቸው ላይ አደረሱ። ማንም ተቀመጥ አላላቸውም። ሴትዮዋ ፎቶግራፍ አነሣቻቸው። ያ ፎቶግራፍ ዛሬ በማን ቤት እንዳለ እንጃ፤ የሚያየው ሰው አንድ የሐይቅ ሽማግሌ ሲጸልይ ያይበታል።

ሽርሽሩ አልተቋረጠም። ከሁሉ የማልረሳው ይህን ነው። አንዲት ደሴት ላይ ወርደው፣ ነጭ ጨርቅ አንጥፈው ምሳ በሉ። ሴትዮዋ ለአያ ልየው ቅቤ የተቀባ ብስኩት ሰጠቻቸው። ዕለቱ ረቡዕ ነበር። በሁለት እጃቸው ተቀብለው አመሰገኑ፤ አልበሉትም፣ አልጣሉትምም። እስከ ማታ መዳፋቸው ላይ ይዘውት ዋሉ፤ ቅቤው በጣታቸው መሀል ቀለጠ።

ባሕር ዳር ስንመለስ ዘመድ ልጠይቅ፣ አንድ ቀን ብቻ ፍቀዱልኝ ብለው ለመኑ። ካፒቴኑ በትህትና፣ ከእኛ ጋር እንደመጣህ ከእኛ ጋር ትመለሳለህ አለ። አንድ አስካሪ ከአጠገባቸው እንዳይለይ ታዘዘ። እኔን የሚጠብቀኝ አልነበረም። ትንባሆ ልግዛ ብዬ ወደ ውሃው ዳር ሮጥሁ። አንድ ሰውዬ ደንገል እያሰረ ታንኳ ይሠራል። ለሚካኤል ሰዎች ዋሻው ታይቷል በሏቸው፣ ዛሬ ይውጡ አልሁት።

ሰውዬው ጫማዬን አየ። ቢሮው የሰጠኝ ጫማ ነው። «የምን ዋሻ?» አለ።

አያ ልየው ናቸው የላኩኝ አልሁት፤ የአባታቸውን ስም ነገርሁት፤ የወንድማቸውን ነገርሁት።

«ዋሻ አናውቅም፣ ጌታዬ» አለኝ። «ልየው የሚባልም አናውቅም።»

ጌታዬ አለኝ። እጁን ይዤ በሚካኤል ማልሁለት። እጁን ቀስ ብሎ አወጣና ደንገሉን ማሰሩን ቀጠለ። ምናልባት እሱ ራሱ ከእነሱ አንዱ ነበር፤ ከእኔ ነው የደበቃቸው። እኔ እሱን ብሆን እኔን አላምነውም ነበር። ከኋላዬ ካሚዮኑ ጡሩምባውን ነፋ።

ወደ ማርቆስ ስንመለስ አያ ልየው አልወቀሱኝም። ቢወቅሱኝ ይቀለኝ ነበር። እኔ ለሴትዮዋ ያን ወሬ ባላሳምር ኖሮ ማለት ጀምሬ፣ እጃቸውን አንስተው አስቆሙኝ። «የነገራቸው የኔ እጅ ነው። ጠዋቱን ሙሉ እያነሣሁ እያወረድሁ አስተማርኋቸው» አሉ።

ወሬው የመጣው ከአሥር ቀን በኋላ ነው፤ ቡና ነጋዴዎች ይዘውት መጡ። ሁለት ሞተር ጀልባ ወታደር ጭኖ ገደሉ ሥር ደረሰ። ዋሻው ውስጥ የነበሩት ድምፁን ሲሰሙ ልጆቻቸውን አዝለው ሽቅብ ወጡ፤ አብዛኞቹ አመለጡ። መነኩሴው በእግራቸው ምክንያት ቀሩ፤ ወይም ታቦቱን ትቼ አልሄድም ብለው ቀሩ። እዚያው ተገደሉ። ታቦቱን ግን ከዚያ ወዲህ ያየው የለም። ወታደሮቹ ይዘውት ሄዱ የሚል አለ። ወታደሮቹ ሳይደርሱ መነኩሴው ከገደሉ አፋፍ ወደ ውሃው አወረዱት የሚልም አለ። ከሩቅ አንድ ነጭ ነገር ሲወድቅ አየሁ ያለች ሴት ነበረች፤ ወፍም ሊሆን ይችላል ብላለች።

አያ ልየው ይህን ሲሰሙ ከመደባቸው መሀል አልተነሡም። ለቅሶ ደራሹ ሲሄድ እኔና እትዬ ጥሩወርቅ ብቻ ቀረን።

«እስካሁን ወዴት እንደምዞር አውቅ ነበር» አሉ። «አሁን ወንድሜ ውሃው ውስጥ አውርዶት ከሆነ፣ ሐይቁ ሁሉ መቅደስ ነው። መቅዘፊያ የማሳርፈው የቱ ጋ ነው?»

ምናልባት ወስደውት ይሆናል ልላቸው አፌን ከፈትሁ። ያ ደግሞ የባሰ ነው። ሌላ ነገር ፈለግሁ፤ አጣሁ። ሲያዩኝ ገባቸው።

«አንተ ገጣሚ» አሉኝ፣ «አትሙላው።»

መስቀል ባለፈ በሳምንቱ አያ ልየው ወደ ሐይቁ ሄዱ። እትዬ ጥሩወርቅ በሶ ቋጠሩላቸው፤ አብሬ ልሂድ አላሉም፣ እሳቸውም ነይ አላሉም። ከዘራቸውን ከበሩ ኋላ ትተው ሄዱ። ከዚያ በኋላ የሰማሁት ሁሉ ከቡና ነጋዴዎች ነው። ከደንገል ታንኳ ሠርተው ገደሉ አጠገብ ይኖራሉ አሉ። ከዳር ሲገፉ አንድ ጊዜ በእግራቸው ይገፋሉ፤ ከዚያ መቅዘፊያውን አንስተው ይቀመጣሉ፤ ነፋስ ወደ ወሰዳቸው ይሄዳሉ። ዓሣ የሚያጠምዱ ሰዎች እየጎተቱ ይመልሷቸዋል። አብደዋል የሚላቸው ነበር። እኔ ያንን ወሬ በሰማሁ ቁጥር ሐይቁ ድረስ ልሄድ እነሣና፣ ሄጄ ምን እላቸዋለሁ ብዬ እቀመጣለሁ። ግጥም ልጽፍላቸውም ሞክሬአለሁ። ሰው አለበት፤ ቤት ግን አልመታ አለኝ።

እንግዲህ ያን ቀን ጌሾ ተራ ነጋዴው ጭነቱን ፈትቶ ሲጨርስ፣ እናንተስ በዚያ ገደል በኩል ስታልፉ ምን ታደርጋላችሁ ብዬ ጠየቅሁት።

«እሳቸው ከሞቱ ወዲህ እኛም አንስተን እንቀመጣለን» አለ። «ነፋስ ካሳለፈን እናልፋለን።»

«ካላሳለፋችሁስ?»

«እንቆያለን» አለ፣ አህያውን ወደ ውሃ እየነዳ።

ለእትዬ ጥሩወርቅ የመንገሩ ነገር በእኔ ላይ ወደቀ። ደጃቸው ላይ ጌሾ ያሰጡ ነበር። ነገርኋቸው፤ ነጋዴው እንደነገረኝ፣ ሳልጨምር ሳልቀንስ። አላለቀሱም፤ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው አስጠጉ። አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ።

«ሲያገኟቸው ፊታቸው ወዴት ነበር? ወደ ገደሉ ነው ወደ ውሃው?»

አልጠየቅሁም ነበር። ሁሉን አያለሁ የምል ሰው ያን አንዱን አልጠየቅሁም። ነጋዴው ደግሞ ይኼኔ ገበያውን ለቅቆ ሄዷል።

«ወደ ውሃው» አልኋቸው።

እትዬ ጥሩወርቅ ትክ ብለው አዩኝ። መዋሸቴን አወቁ፤ ደግሞም አልተቆጡኝም። ወደ ጌሿቸው ጎንበስ ብለው ቅጠሉን በእጃቸው መገልበጥ ጀመሩ።

«ታንኳ ላይ ላለ ሰው» አሉ፣ «ወዴት ቢዞርስ ውሃ አይደል።»